ልጁ ለፖፖ መቼ ይደርሳል?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ የፕላስቲክ ፖፖ ሳይታወቅ በፊት እናቶች የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው፤ ዛሬም አልተረሳም። እናት መደብ ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ከፈት ታደርጋለች፣ ገና ያልጠናውን ሕፃን በመካከላቸው ትይዘውና «ሽሽ» ትለዋለች። ውሎ አድሮ ሕፃኑ ድምፁን ሲሰማ መሽናት ይለምዳል። ይህን የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ አላጣጥለውም። በኬንያ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩት ዲጎዎች በተመሳሳይ መንገድ ልጆቻቸውን ገና በ5 እና በ6 ወራቸው ከመርጠብ እንደሚያላቅቁ በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መዝግቧል። ብቻ በዚያ ዕድሜ ሰዓቱን የምታውቀው እናት ናት።

ልጁ ራሱ «መጣብኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። ሽንትና ሰገራ የሚይዙትን ጡንቻዎች ማዘዝ ከዚያ በፊት ይከብደዋል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተንም በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ወላጅ የልጁን ዝግጁነት ይከተል እንጂ አያስገድደው ብሏል።

ስለዚህ ልጁን አስተውሉት። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይረጥብ ይቆያል? «ጫማህን አምጣ» ሲባል ያመጣል? ሰገራ ሲመጣበት ጨዋታውን ትቶ ከበሩ ኋላ ቁጢጥ ይላል? እኔ ከሁሉም የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ማንም ሳይነግረው አውቆታልና። ሱሪ ዝቅ ማድረግም መቻል አለበት። በዚህ በኩል ረጅም ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የሚሮጠው የገጠር ልጅ ይቀለዋል፤ ሲረጥብም ወዲያው ይሰማዋል። ዳይፐር የለመደው ግን እርጥበቱን ብዙም ስለማያስተውል ሊዘገይ ይችላል።

ታናሽ ሲወለድበት፣ ጡት ሲጥል ወይም ሲታመም አትጀምሩ። ቁጣና ዱላ ደግሞ ልጁ ሰገራውን አፍኖ እንዲይዝ ያደርገዋል፤ የተያዘው ይደርቃል፣ ሲወጣ ያማል፣ ሕመሙን የፈራ ልጅም ይብስ ይይዛል።

ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ሰገራው የሚደፋበት ቦታ ነው። «የሕፃን ምን አለበት» ተብሎ ጓሮ ይጣላል። ትራኮማን ከዓይን ዓይን የምታዛምተው ዝንብ ግን የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ላይ ነው፤ የልጅ፣ የአዋቂ አትልም። አማራ ክልል ደግሞ በትራኮማ ከዓለም ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየግቢው ሽንት ቤት እንዲቆፈር ሲወተውቱ ኖረዋል፤ ይሁንና የጉድጓዱ አፍ ለሁለት ዓመት ልጅ ያስፈራል፣ አደጋም አለው። ፖፖ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ባይገኝ ጠርዙ የማይቆርጥ አሮጌ ሳፋም ይሆናል።

ፖፖው ውስጥ ያለውን ወደ ሽንት ቤት ድፉት፤ የራሳችሁንም የልጁንም እጅ በሳሙና ታጠቡ። ሌሊት ፍራሹን ቢያረጥብ አታሳፍሩት፤ እስከ 5 ዓመቱ እንደ በሽታ አይቆጠርም።