ጆሮና ዓይን በጽሑፍ ቃላት ትውስታ ላይ ያላቸው ድርሻ

«ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ሲሥል አደረ።» ይህን ዓረፍተ ነገር በአንድ ወቅት ለተማሪዎቼ በቃል ጽሕፈት ሰጥቻቸው ነበር። ከፊሎቹ «ሲሥል»፣ ከፊሎቹ «ሲስል» ብለው ጻፉ። እኔ ያሰብኩት ሥዕል የሚሥለውን ሽማግሌ ነበርና «ሲስል» ካሉት ላይ ነጥብ ቀነስኩ። አንዲት ተማሪ ግን፣ «መምህር፣ እኔ የሰማሁት ሳል የያዘውን ሽማግሌ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ያን ስሕተት፣ ይኸውም የእኔን ስሕተት፣ መመርመር ነው።

የሥነ ልቡና ተመራማሪው ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰዎች በዓይናቸው ያዩአቸውን ፊደላት ወዲያው አስታውሰው ሲጽፉ ይበልጥ የሚያምታቱት በድምፅ የሚቀራረቡትን ነው። ባድሊም በ1966 ባቀረቡት ጥናት፣ የድምፅ መመሳሰል የአጭር ጊዜ ትውስታን፣ የፍቺ መመሳሰል ደግሞ የረጅም ጊዜውን ይበልጥ እንደሚያሰናክል አመልክተዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ያየነውን ቃል ለጊዜው የምንይዘው በአመዛኙ በድምፁ፣ ለዘለቄታው የምናኖረው ግን በፍቺው መሆኑን ነው።

ይህ ለአማርኛ ምን ይነግረናል? ሞክሼ ፊደላት ለዓይን ይለያያሉ፤ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ ለመጀመሪያው ድምፅ «ፀ» እና «ጸ»፣ ለሁለተኛው «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ስላሉ፣ ድምፁ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ድምፅ ብቻውን ከ12ቱ አንዱን ሊያስታውሰን አይችልም።

በአንጻሩ ጆሮ የሚለየውን ዓይን የማያይበት ጊዜ አለ። «ገና» ሲላላ ጊዜ አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ግን መጥበቅን አያሳይም። ስለዚህ ጆሮና ዓይን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ታዲያ ተማሪው የፊደሉን ቅርጽ በምን ያስታውስ? ደጋግሞ በመገልበጥ ብቻ አይመስለኝም፤ ቃሉን ከቤተሰቡ ጋር በማያያዝ እንጂ። «ሣለ» ከ«ሥዕል» እና ከ«ሠዓሊ» ጋር ሲጠና፣ ንጉሡ «ሠ» የፍቺ ምልክት ይሆናል። «ሳለ» ደግሞ ከ«ሳል» ጋር፣ ቢላዋ የሚስለውም ከ«ስለት» ጋር ይጠናል።

ጉዳዩ የነጥብ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተር የሚያነጻጽረው የፊደሉን መለያ እንጂ ድምፁን ስላልሆነ፣ ሞክሼዎቹን እንዲያዛምድ ካልታዘዘ በቀር፣ «ሠዓሊ» ብሎ የሚፈልግ ተመራማሪ «ሰአሊ» ተብሎ የተመዘገበውን ሥራ አያገኝም።

እኔም ከዚያን ዕለት ወዲህ በቃል ጽሕፈት ሞክሼ ፊደል በመለዋወጡ ብቻ ነጥብ አልቀንስም። ተማሪው የመረጠው ፊደል የትኛውን ፍቺ እንደያዘ እጠይቃለሁ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥም አንዱን አጻጻፍ ጠብቆ እንዲዘልቅ አሳስባለሁ። የዚያችን ተማሪ ነጥብም መልሻለሁ።