ከሪያድ የተላከ ደብዳቤ በስንት በር ያልፍ ነበር?

ዛሬ ከጂሜይል ወደ ያሁ ስንጽፍ፣ የሁለቱ ባለቤት የተለያየ መሆኑ ትዝም አይለንም። በ1980ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሪያድ ተቀምጦ በኮምፒውተር ደብዳቤ የሚልክ ተመራማሪ ግን አስቀድሞ «ሰውዬው የየትኛው መረብ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

የሪያዱ መረብ ገልፍኔት ይባል ነበር። በ1985 ሲጀመር ማዕከሉ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማ ነበር፤ ስሙ «ከተማ» ይበል እንጂ የምርምር ተቋም ነው። ገልፍኔት ዩኒቨርሲቲዎችን እርስ በርስ ካገናኘ በኋላ ቢትኔት ከሚባለው የምሁራን መረብ ጋር ተቀጠለ። ቢትኔት በ1981 በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲና በዬል መካከል የተዘረጋ ነው።

አሠራሩ በመንገደኛ እጅ ዕቃ እንደ መላክ ነው። አንዱ ኮምፒውተር ደብዳቤውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ያሳድራል፣ መስመሩ ሲለቀቅ ለቀጣዩ ያቀብላል። መሐል ላይ ያለው ከተበላሸ ደብዳቤው እዚያው ይጠብቃል። ደስ የሚለው፣ በየደረሰበት ያለው ጣቢያ «እዚህ ደርሷል» የሚል አጭር ወሬ ለላኪው ስክሪን ይልክ ነበር። የዛሬው ኢሜይል ይህን ወግ ትቶታል።

ችግሩ ከመረቡ ሲወጡ ነበር። የቢትኔት አድራሻ ከስምንት ፊደል የማይበልጥ የማሽን ስም ነበር፤ ነጥብ አያውቅም ነበር። የኢንተርኔት ሰው ወደ ሪያድ ለመጻፍ የተቀባዩንና የማሽኑን ስም በ% ያያይዝና ከ@ በኋላ የሚያሻግረውን ኮምፒውተር ይጠራ ነበር። አድራሻው ራሱ የመንገድ ምሪት ነበር ማለት ነው። ኮምፑሰርቭ የተባለው የንግድ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛው በነጠላ ሰረዝ የተከፈለ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ኢንተርኔት ላይ ነጠላ ሰረዝ ተቀባይን ከተቀባይ ስለሚለይ፣ ከውጭ የሚጽፍለት ሰው ሰረዙን በነጥብ መለወጥ ነበረበት። ያም ቢሆን ኮምፑሰርቭና ሌላው የንግድ አገልግሎት ኤምሲአይ ሜይል ለኢንተርኔት በራቸውን የከፈቱት በ1989 ነው።

ጽሑፉስ? የቢትኔት ትልልቅ የአይቢኤም ማሽኖች ፊደልን የሚቆጥሩበት ኮድ ከሌላው ስለሚለይ፣ ቅንፍ ገብቶ ሌላ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። የላቲኑ ቅንፍ እንዲህ ከሆነ የዐረብኛውን፣ የእኛንም ፊደል ዕጣ መገመት አያቅትም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያበጁት «ሴራ» የተባለው አጻጻፍ ለዚህ የመጣ ነው። አማርኛን በተራ የላቲን ፊደላት ያሰፍራል፤ ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ ለጠ። ትልቁ የተረሳ እንደሆነ ጠጅ «ተጅ» ሆኖ ያርፋል። ቢሆንም በየትኛውም በር የሚያልፍ አማርኛ ነበር፣ እንደ እኔ ትልቅ ብልሃት ነው።

ሳዑዲ ዐረቢያ ኢንተርኔትን ለሕዝብ የከፈተችው በ1999 ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም በዚያው ዓመት ነው።