ያውቁ ኖሯል? ሲበርድ የሚሟሟ፣ ሲሞቅ የሚረጋ የኢንዛይም መያዣ

• ለሳይንስ መጀመሪያ የታወቀው ኢንዛይም የተገኘው ከገብስ ብቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ፈረንሳውያኑ ኬሚስቶች አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጠውን ዲያስቴዝ ለይተው አወጡ። ባሕር ዳር ላይ ጠላ የምትጠምቅ እናት ብቅል የምትጨምረውም ለዚሁ ነው፤ ጌሾ ብቻውን ስኳር አይሠራም።

• ኢንዛይም ሥራ ያፋጥናል እንጂ በሥራው አያልቅም። አንዱን ሞለኪውል ለውጦ ወዲያው ወደ ሌላው ይሻገራል። ከምርቱ መሐል ለይቶ የሚያወጣው ካልተገኘ ግን፣ ገና ጉልበት ያለው ኢንዛይም ከፍሳሹ ጋር ይደፋል።

• እናቶቻችን ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ያስቀራሉ። በእርሾው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ስለሚባዙ ጥቂቱ ይበቃል። ኢንዛይም ግን ሕይወት የሌለው ፕሮቲን ነውና አይባዛም፤ ለነገ የሚተርፈው የሚይዘው ነገር ካገኘ ብቻ ነው።

• የመጀመሪያው መያዣ ከሰል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ተመራማሪዎች ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም ከሰል ላይ ተጣብቆም መሥራቱን እንደማያቆም አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1969 የጃፓኑ ታናቤ ሴያኩ ኩባንያ የታሰረ ኢንዛይምን ለፋብሪካ ምርት አዋለ።

• ጠጣር መያዣ ላይ የተጣበቀ ኢንዛይም የሟሟ ስኳርን በቀላሉ ያገኛል። ያልሟሟ ስታርች ወይም ገለባ ሲሆን ግን ይቸገራል፤ ጠጣርና ጠጣር ይነካካሉ እንጂ አይቀላቀሉም።

• ስኳር በትኩስ ሻይ ቶሎ ይሟሟል። በአጭሩ ፒኒፓም የሚባለው ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የረዘመ ሞለኪውል) ግን ተቃራኒ ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟል፣ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ከውኃው ይለያል፣ ጥርት ያለው ፈሳሽም ወተት ይመስላል። ሄስኪንስና ጊዬ ስለዚህ ጠባይ ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

• ሲበርድ የውኃ ሞለኪውሎች ረጅሙን የፖሊመር ሰንሰለት ከብበው ይይዙታል። ሲሞቅ ቁርኝቱ ይላላል፤ እንደ ክር የተዘረጋው ሰንሰለት እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል፣ ልቃቂቶቹም ተሰባስበው ይረጋሉ።

• በባሕር ዳር የሞቃት ወራት ቀትር ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ጣና ዳር ጥላ ሥር የተቀመጠ የፒኒፓም ብልቃጥ ጥርት ብሎ ይውላል። ብብትዎ ሥር ቢይዙት ይደፈርሳል፤ ወደ ጥላው ቢመልሱት ደግሞ ይጠራል።

• ኢንዛይም ከዚህ ሰንሰለት ጋር ሲታሰር፣ በቀዝቃዛው ሟሙቶ ያልሟሟ ስታርች ድረስ ይደርሳል። ሥራው ሲያበቃ ፈሳሹ ይሞቃል፤ ፖሊመሩ ከነኢንዛይሙ ይረጋል፣ ይጣራል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሟሙቶ ለሁለተኛ ዙር ይቀርባል።

• ፖሊመሩ እንደ ስፖንጅ ባለ ጄል መልክ ከተሠራ ራሱ ልጓም ይሆናል። ሙቀት ሲበዛ ጄሉ ይኮማተራል፣ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ ወደ ኢንዛይሙ የሚገባው ነገር ይቀንሳል፤ ሥራውም ይቀዛቀዛል። ሲበርድ መልሶ ያብጣል።

• 32 ዲግሪ የማይነካ ድንበር አይደለም። ውኃ የሚወድ አካል ቢቀላቀልበት ድንበሩ ከፍ ይላል፤ ውኃ የሚሸሽ ቢቀላቀልበት ወይም ውኃው ጨው ቢበዛበት ዝቅ ይላል።

• በሽመና ፋብሪካ ድሩ እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል። ከተሸመነ በኋላ ስታርቹን የሚያራግፈው አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ የብቅሉ ዲያስቴዝም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ከተቋቋመ ጀምሮ ድርና ማግ የከተማዋ እንጀራ ሆኗል።

• ፒኒፓም ውድ ነው፤ የሚሠራበት ጥሬ ኬሚካልም መርዛማ ስለሆነ ለምግብ ሥራ ያሰጋል። ከሴሉሎስ የሚሠራው ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ ግን በምግብ ውስጥ የተፈቀደ ሲሆን፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እሱም ከውኃ ይለያል። ሴሉሎስ የጥጥ ዋና አካል ነው፤ ጣናን ያስጨነቀው እንቦጭም ይዞታል።

• ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲከፈት፣ ጨርቃ ጨርቅና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ በአንድ ግቢ ይሰጡ ነበር። ኢንዛይምን ይዞ በጨርቅ ፋብሪካ ደጋግሞ ለመጠቀም የሚያስፈልጉት ሁለቱ ሙያዎች ከ60 ዓመት በላይ ጎረቤታሞች ናቸው። እርሾ ማስቀረትን ከእናቱ ቤት ለተማረ ተማሪ፣ ኢንዛይም ማስቀረት እንግዳ ሐሳብ አይሆንበትም።