ፋኖስ ይዞ መደበቅ

የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን በአጭር ሞገድ ያዳመጠ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም ከፕላዝማ ጋር ተዋውቋል። በሺህ ከሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት የተነሣ ድምፅ የምድርን ጉብታ ተሻግሮ ሳሎን የሚገባው፣ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው አየር ሞገዱን ወደ ምድር ስለሚመልሰው ነው። እዚያ የፀሐይ ጨረር ከአየር ቅንጣቶች ላይ ኤሌክትሮን ይነጥላል። እንዲህ የተነጣጠለ ጋዝ ፕላዝማ ይባላል፤ መብረቅም፣ ፍሎረሰንት መብራት ውስጥ የሚበራውም እርሱ ነው።

ራዳርም የሚሠራው በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሞገድ ይልክና እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። ታዲያ አውሮፕላንን ፕላዝማ አልብሶ ማሚቶውን ማስቀረት አይቻልም? የጄኔራል ኤሌክትሪኩ አርኖልድ ኤልድሬጅ እ.ኤ.አ. በ1956 ለዚሁ ሐሳብ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1964 ተሰጠው። የሲአይኤ የስለላ አውሮፕላን ኤ-12ም ተሞክሮበታል፦ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ራዳር ላይ እንዳይጎላ ነዳጁ ውስጥ ሲዝየም ተጨመረ። በ1999 ደግሞ የሩሲያው ኬልዲሽ ማዕከል 100 ኪሎ ግራም ገደማ በሚመዝን መሣሪያ ማሚቶውን 100 እጥፍ መቀነስ እንደሚቻል አስታወቀ።

አሠራሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ሞገዱ የፕላዝማው ደመና ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖቹን ያወዛውዛል፤ እነርሱ ከአየር ቅንጣቶች ጋር ሲጋጩ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን ደመናው ከሳሳ ሞገዱ አልፎት ብረቱን ይመታል፤ ድንገት ከወፈረም ራሱ መስታወት ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ ስስ፣ ወደ ውስጥ ቀስ በቀስ ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለበት።

መጠኑም ቀላል አይደለም። አዮኖስፌር በጣም በሚጠቀጠቅበት ከፍታ ቀን ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን ይይዛል። ለአጭር ሞገድ ይህ ይበቃል። በ10 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ራዳር ግን 1 ትሪሊዮን አካባቢ ያስፈልጋል፤ ሚሊዮን እጥፍ። በታችኛው አየር ደግሞ ኦክስጅን ነጻ ኤሌክትሮኖችን ወዲያው ይይዛቸዋል፤ የቀረውን ነፋሱ ጠራርጎ ይወስደዋል። አብራሪው ሳያቋርጥ ብዙ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ሊኖርበት ነው። ያ ደመና ደግሞ ያበራል፣ ይግላል። ከራዳር ያመለጠ አውሮፕላን ለዓይንና ለሙቀት ፈላጊ ሚሳይል ይጋለጣል፤ ፋኖስ ይዞ እንደሚደበቅ ሰው።

ሌላም ጣጣ አለ። የአፖሎ መንኮራኩሮች ወደ ምድር ሲመለሱ የሚከባቸው ፕላዝማ ለደቂቃዎች ሬዲዮአቸውን ይዘጋው ነበር። ጠላት ያላየው አብራሪ እርሱም አያይም፣ አይሰማም።

ስለዚህ ከሐሳቡ ይበልጥ የሚያስኬደው ትንሹ ቅርንጫፍ ነው፦ ሙሉውን አውሮፕላን መሸፈኑን ትቶ፣ አፍንጫው ውስጥ ያለውን የራሱን አንቴና ብቻ መከለል። ጋዙ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነፋስ አይወስደውም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ተራ ጋዝ ነው፣ ሞገድ ያሳልፋል፤ ሲለቀቅበት ይዘጋል፤ ልክ እንደ ዐይን ቆብ።