የባሌ ቀይ ቀበሮና የበሽታ መንገድ

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ የዱር እንስሳ ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር ከ500 አይበልጥም። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለው ውርጭማ ምድር ይኖራል፤ ከግማሽ የሚበልጠውም የሚገኘው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ቀሪው በአርሲ፣ በወሎ፣ በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮች ተበታትኗል። የእርሻ መስፋፋት መኖሪያውን ቀስ በቀስ ሲያጠብበት ኖሯል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚጨርሰው ግን በሽታ ነው። በሽታው ከየት እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚዛመትና የት ላይ እንደሚገታ የሚወስኑት የእንስሳቱ እንቅስቃሴና የመሬቱ አቀማመጥ ናቸው።

የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ፍልፈልና አይጥ ነው። ፍልፈል ከጉድጓዱ አፍ ብቅ ብሎ በዙሪያው ያለውን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ቀበሮው ሆዱን መሬት እያስነካ ያደባል፤ ፍልፈሉ ቀና ሲል ደርቆ ይቆማል፣ አንገቱን ሲደፋ ጥቂት እርምጃ ይጠጋል፣ በመጨረሻም ይወረወርበታል። ለእንዲህ ያለው አደን ረዳት ስለማያስፈልግ ቀን ቀን ብቻውን ይውላል። ኑሮው ግን የቡድን ነው። ማለዳና ማምሻ ላይ የቡድኑ አባላት ተሰባስበው ይላላሳሉ፣ የግዛታቸውን ወሰን አብረው ይዞራሉ፣ በሽንታቸውም ምልክት ያደርጋሉ። ወሰን ላይ ከጎረቤት ቡድን ጋር ከተገናኙ መባረር አይቀርም። ወንዶቹ በተወለዱበት ቡድን ሲቀሩ ከሴቶቹ ከፊሎቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ወጥተው ይንከራተታሉ። እንደ እብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ለሚተላለፍ ሕመም ይህ ሁሉ መንገድ ነው፦ መላላሱ ቡድኑን ይጨርሳል፣ የወሰን ጠቡ ወደ ጎረቤት ያሻግራል፣ ተንከራታቿ ደግሞ የሕመም ምልክት ሳይታይባት ራቅ ወዳለ ሸለቆ ልታደርሰው ትችላለች።

የመሬቱ ነገርም ከዚህ አያንስም። በባሌ፣ አይጥና ፍልፈል በሚበዛበት በዌብ ሸለቆ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ቀበሮ ይገኛል፤ ግዛቶቹም ወሰን ለወሰን የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ለቀበሮው የተመቸው ቦታ ለቫይረሱም የተመቸ ይሆናል። በሌላ በኩል የባሌ ቀበሮዎች መኖሪያ የሆኑት ዌብ፣ ሞረባዋና የሳነቴ አምባ የሚገናኙት በጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ ነው። በመካከላቸው ገደልና ለኑሮ የማይመች መሬት አለ። በሽታው አንዱን ሸለቆ አዳርሶ ወደ ሌላው ለመሻገር በእነዚህ መተላለፊያዎች ባሉት ጥቂት ቡድኖች በኩል ማለፍ ግድ ይለዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ በቀበሮዎቹ መካከል ለዘለቄታው አይኖርም። ቁጥራቸው አነስተኛ፣ ሞቱም ፈጣን በመሆኑ ቫይረሱ አብሯቸው ይከስማል። በየጊዜው መልሶ የሚያመጣው ውሻ ነው። በባሌ እረኞች ከብታቸውን ከጅብና ከነብር የሚጠብቁት በውሻ ነው፤ ታችኛው መሬት በሰብል ሲያዝ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ውሻውም ይከተላል። ውሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አይታሰሩም፤ ምግብ ፍለጋ ሲዞሩ ከቀበሮ ጋር በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ።

በባሌ ቀበሮዎች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991–92፣ በ2003–04፣ በ2008–09 እና በ2014 ተከስቷል። ብዙ ትምህርት የተገኘው ከሁለተኛው ነው። በዚያ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱ አለቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ ሰጥቶ ክትባት ሲጀመር ለዌብ ረፍዶ ነበር፤ ስለዚህ ባለሙያዎቹ ወደ ሞረባዋ በሚያሻግረው መተላለፊያና በአካባቢው ያሉትን ቡድኖች መከተብን መረጡ። እያንዳንዱን ቀበሮ በወጥመድ ይዞ በመርፌ መከተብ አድካሚ ሥራ ነው፤ የተከተቡትም 70 ገደማ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ወረርሽኙ ተገታ። ቀደም ሲል አንድን ማኅበረ እንስሳ ለማዳን አብዛኛው መከተብ አለበት ይባል ነበር። የመሬቱ አቀማመጥ በደንብ ከታወቀ በቦታው የተመረጡ ጥቂቶችን መከተብ ከጥፋት እንደሚያድን ባሌ አሳየ።

ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ጠባዩ ይለያል። ቫይረሱ ከሰው ኩፍኝ ጋር የሚዛመድ ሲሆን በትንፋሽና በአፍንጫ ፈሳሽ ስለሚተላለፍ ንክሻ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2010 በባሌ የገባው ከእብድ ውሻ በሽታው ወረርሽኝ ገና ያላገገሙትን ቡድኖች ነው የመታው። አንዱ በሽታ ከሌላው ተከታትሎ ሲመጣ ማገገሚያ ጊዜ ይጠፋል፤ በአንድ ቡድን ውስጥ የምትወልደው በአብዛኛው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች የጠፋው ቶሎ አይተካም።

ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ የእብድ ውሻ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ በሌሊት በግዛቶቹ ውስጥ እንዲጣል ተደርጓል፤ ቀበሮው ሳይያዝ በልቶት ይከተባል። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ውሾችን መከተብ የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ አዳዲስ ቡችሎች ስለሚወለዱና ከሩቅም ውሻ ስለሚመጣ ሥራው የሚቋረጥ አይደለም።

በባሌ ከወረርሽኝ በኋላ ያለቀውን የሚተካ ቀበሮ ከአጎራባች ሸለቆ ሊመጣ ይችላል። በሌሎቹ ተራሮች ይህ ዕድል የለም። በመካከላቸው ያለው ምድር ታርሷል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ቀበሮም የለም። በጎጃም ጮቄና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ የነበሩት ጠፍተዋል፣ የተካቸውም የለም። ጥቂት ደርዘን ቀበሮ ብቻ በቀረበት ተራራ የሚዘጋ መተላለፊያ ስለሌለ፣ በሽታው ከመግባቱ በፊት ቀበሮዎቹንም በዙሪያው ያሉትን ውሾችም መከተብ ያስፈልጋል።