የምናለሽ ተራ ባሌስትራ

ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ከሚሰበስበው አሮጌ ዕቃ ብዙው መርካቶ ይደርሳል። ምናለሽ ተራ ላይ ይዘረገፋል፣ ይለያል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። በርሜል ተተርትሮ ላሜራ ይሆንና ባልዲ፣ ሳጥንና የከሰል ምድጃ ይወጣዋል። የዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሆናል፣ ጎማ በረባሶ። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ማስተዋወቅ የምፈልገው በዚያ ሁሉ ክምር መሀል ሰው ረግጦት የሚያልፈውን አንድ ብረት ነው፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ።

ብዙ ሰው ከቁርጥራጭ የተሠራ ቢላ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ከሱቅ የገዛው የሚያብረቀርቅ ቢላ አዲስ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ስንቱን ጥሩ ቢላ ገዢ እንዳሳጣው ሳስብ ይቆጨኛል። የሚያብረቀርቀው ብረት ያን መልክ ያገኘው ከክሮሚየም ነው፤ ስለት የሚይዘው ግን በካርቦኑ ነው። ካርቦኑ ካነሰ ምንም ቢስሉት ሁለት ሽንኩርት ሳይከትፍ ይዶለዱማል። ባሌስትራ ግን ከነጭነቱ ጉድጓድ ሲገባ እንዲለመጥ፣ ሲወጣ ደግሞ ወደ ቦታው እንዲመለስ የተሠራ ብረት ነው። ካርቦኑ ከመቶ ግማሽ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እንደ ዓይነቱም ክሮሚየም ወይም ሲሊከንና ማንጋኒዝ ይጨመርበታል። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ዝገው ቢተኙም አንድ አይደሉም። ፌሮ ቀጥቅጦ ቢላ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን እየጎዳ ነው፤ የባሌስትራውንም ስም ያጠፋል።

ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ሁለቱንም ስሜሪሊዮ፣ ማለትም የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ አስነኳቸው። ፌሮው ረዘም ያለና ብዙም የማይበታተን የእሳት ፍንጣሪ ይሰጣል፤ የባሌስትራው ፍንጣሪ ጫፉ ላይ እየፈነዳ በትናንሹ ይበተናል። ካርቦን በበዛ ቁጥር ፍንዳታው ይበዛል።

አንድ ቀን ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባሌስትራ በሽቦ አንጠልጥለው በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱ ደረስኩ። «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ስላቸው ቀና ሳይሉ «ስንጥቅ እየፈለግሁ ነው ልጄ» አሉኝ። ደህናው ባሌስትራ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ድምፁም ይቆያል። ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ቀጥለው በኖራ መሀሉ ላይ ያለውን የብሎን ቀዳዳ ከበቡና ያንን ቆርጠው ጣሉት። ባሌስትራ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ አካባቢ ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በየትኛውም አገር ቢሆን ባለሙያ ይባላል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ለዘመናት ቀጥቃጭ እያልን ስንሰድብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል፤ ንቀቱ ግን ዛሬም ዋጋ ስንከራከር አንደበታችን ላይ ይመጣል።

ሥራው ከዚህ በኋላ የእሳት ነው። ብረቱ ወናፍ በሚነፋው ፍም ውስጥ እስኪቀላ ይግላል፣ በጉጠት ይያዛል፣ መስፍ ላይ ይቀጠቀጣል። መስፉ ብዙ ጊዜ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው፤ እሱም ከባሌስትራ የማይተናነስ ጠንካራ ብረት ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ስለቱ የሚወለደው ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው፤ ቢላ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ እምቢ ካለ በኋላ ትንሽ ጨምሮ ማጋልና ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ሳይደርስ ከተነከረ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ውስጡ ይሻክርና ተሰባሪ ይሆናል። ዘይቱን ትቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚከተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረቱ ጢው ብሎ ሲሰነጠቅ ይሰማዋል። ከዘይቱ ሲወጣ ሊማ ይሞከርበታል፤ ሊማው ሳይበላው ከተንሸራተተ ጠጥሯል ማለት ነው።

ግን አላለቀም። እንዲህ የጠጠረ ቢላ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ይወለወልና በቀስታ እንደገና ይሞቃል፤ ያኔ ገጹ ላይ ቀለም ይሄዳል። መጀመሪያ የገለባ ቢጫ ይመጣል፤ ይህ ወደ 220 ዲግሪ ነው። ከዚያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ። ቢላ ገለባው ላይ ይቆማል፤ ምሳር ዱላ ስለሚበዛበት እስከ ወይን ጠጁና ሰማያዊው ይለቀቃል። ይህን ቀለም በዓይኑ ብቻ ለክቶ የሚያቆም ሰው ቴርሞሜትር ከያዘ ሰው እኩል ክብር ይገባዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የተደከመበትን ዕቃ እኛ እንዴት ነው የምንይዘው? የቤት ውስጥ ቢላ ጋዝ ላይ አግሎ ጀሪካን መቁረጥና ፕላስቲክ መለጠፍ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት! ጫፉ አንዴ ሰማያዊ ከሆነ ያ ጥንካሬ ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ቢስሉት አይመለስም። በፍሌክስ ያለ ውሃ የሚስሉም ያንኑ ጥፋት ይሠራሉ። እጀታ እንዲበየድበት የሚያዝዝ ገዢም ስለቱን በገንዘቡ እያስጠፋ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። የናፍጣ ወይም የቤንዚን ሰልባትዮ ባዶ ነው ብሎ ብየዳ የሚያስጠጋ ሰው ከነዳጁ የቀረው ትነት እንደሚፈነዳ ይወቅ፤ በዚህ ሰው ይሞታል። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል በርሜልም የቱንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃና ለጠላ አይሆንም።

በዚያው ክምር ውስጥ ስላሉት ስለ ሞርሳ፣ ስለ መፍቻ፣ ስለ ሊማ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። ባጭሩ፣ ዝገት አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። ሲጠመዝዙት እምቢ ያለ ሞርሳ ናፍጣ ተቀብቶ ሲያድር፣ ከዚያም በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅና ግሪስ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይዞራል። የደነዘ ሊማ ኮምጣጤ ውስጥ ቢያድር ጥርሱ በተወሰነ መጠን ይመለሳል፤ ባይመለስም ካርቦኑ ከባሌስትራም ስለሚበልጥ ለጥሩ መቁረጫ ይሆናል። ስለዚህ ጓዳችሁ ውስጥ የዛገ መሣሪያ ካለ ለቆራሌው በኪሎ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ናፍጣ አጠጡት። ቢላ ልትገዙ ምናለሽ ተራ ከሄዳችሁም ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ብረቱ ከምን እንደመጣና ዘይት ውስጥ መግባቱን ጠይቁ፤ ሊማ ይዛችሁም ስለቱን ሞክሩ። ባለሙያው አይቆጣም።