ባድመና ያልተነበበው ሰነድ

ሰሞኑን እዚህ አትላንታ አጠገብ አቮንዴል እስቴትስ ወደሚገኘው ቤቴ ዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚያጠና አንድ ወጣት ወገናችን ጎራ ብሎ ነበር። ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዝዟል። ያሰባሰበው ሁሉ የዚህ ወይም የዚያ መንግሥት መግለጫና የዩቲዩብ ክርክር ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን ልመን?» አለኝ። አገር ቤት ሳስተምር ለተማሪዎቼ እሰጥ የነበረውን መልስ ሰጠሁት፤ መግለጫውን ትተህ ሰነዱን ፈልግ።

ይህን ስል እኔም ከደሙ ንጹህ ሆኜ አይደለም። ኤፕሪል 13 ቀን 2002 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የድንበር ኮሚሽኑ ሄግ ላይ ውሳኔውን ባሳወቀበት ዕለት የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ሲሉ አወጁ። ስለ ምንጭ ስንት ዓመት ያስተማርኩት እኔም አንዲት ገጽ ሳልገልጥ ለወዳጆቼ እየደወልኩ የምሥራች አልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ውሳኔው ድንበሩን ያሰመረው በነጥቦችና በኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥሮች ነው፤ የመጨረሻው የውሳኔ ክፍል ባድመ በየትኛው ወገን እንዳለች በስም አይናገርም። ቁጥሮቹን ካርታ ላይ ያሳረፈ ሰው ግን ከተማዋ ወደ ኤርትራ መሆኗን ያያል። ሴፕቴምበር 2003 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ውሳኔውን አጥብቆ የሚቃወም ደብዳቤ ለኮፊ አናን ጻፉ። ለመሆኑ የረታ ሰው ዳኛውን ይከሳል?

አስመራም ብትሆን የምትሸሽገው ገጽ አላት። ዲሴምበር 19 ቀን 2005 የካሣ ኮሚሽኑ፣ ኤርትራ በሜይ 1998 ባድመን በጦር በማጥቃቷ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች ሲል ወስኗል። መሬቱ የማን ነው? ጦርነቱን ማን ጀመረው? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱ መንግሥታት ግን የሚጥማቸውን ግማሽ ብቻ ለሕዝባቸው አነበቡ።

ታዲያ ሰነዱ የት ይገኛል?

አንደኛ፣ የሁለቱም ኮሚሽኖች ውሳኔ በሄጉ ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባል። ከዲሴምበር 2000ው የአልጀርስ ስምምነትና ኮሚሽኑ ከተመረኮዘባቸው የ1900፣ የ1902 እና የ1908 ውሎች ጋር አብሮ መነበብ አለበት።

ሁለተኛ፣ ውል በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ ሁለቱንም አንብቡ። የ1889ኙን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ያስታውሷል። አማርኛው «ይቻላል» ያለውን ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መጨረሻውም ዓድዋ ሆነ።

ሦስተኛ፣ የባላጋራውንም ማኅደር ክፈቱ። ስለ ኦጋዴን ጦርነት የአሜሪካን ወገን ለማየት ከቤቴ ሩቅ ያልሆነው የጂሚ ካርተር ቤተ መጻሕፍት አለ። የሶቪየትና የምሥራቅ ጀርመን ሰነዶች ደግሞ በዋሽንግተኑ የዊልሰን ማዕከል ዲጂታል ማኅደር ይገኛሉ።

ሰነድም ቢሆን ይዋሻል። ማን፣ መቼ፣ ለማን ጻፈው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኤምባሲ ቴሌግራም ጸሐፊው የሰማውን እንጂ የሆነውን ሁሉ አይነግረንም።

ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ መቀበሉን ያሳወቀው በጁን 2018 ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ያለቁበት ጦርነት መልስ 16 ዓመት ሙሉ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ያላነበብነው እኛ ነን። ነገም ስለ ዓባይ ወይም ስለ ወደብ መግለጫ ሲነበብልን ከማጨብጨባችን ወይም ከማውገዛችን በፊት «ሰነዱ የታለ?» እንበል።

ቸር ይግጠመን።